ጉዳት ዕድል ነውን?

(የፋኩልቲዎች የእግር ኳስ ውድድር ከመከፈቱ በፊት ለተማሪዎች ጉባኤ የተነበበ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ውድድር አንድ ጓደኛችን ኳስ ይዞ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጉልበቱ «ቀጭ» ብሎ ወደቀ። ድምፁን አጠገቡ የነበርነው ሁሉ ሰምተናል። ከሜዳ አወጣነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስንበት፤ አሸነው፤ በሻሽ ጥብቅ አድርገን አሰርነው። ከዚያም «አይዞህ፣ አንተ እኮ ወንድ ነህ» እያልን እኛው ራሳችን መልሰን አስገባነው። ዐሥር ደቂቃ ስንኳ ሳይቆይ ጉልበቱ ከዳውና ዳግመኛ ወደቀ። ይህ ጓደኛችን እስከ ዛሬ ኳስ አልነካም፤ የቤተ መጻሕፍቱንም ደረጃ የሚወርደው የደረጃውን ብረት ይዞ ነው። በዚያ ሰሞን በየመኝታ ክፍሉ «ምን ይደረግ፣ ዕድሉ ነው» ሲባል ሰነበተ። እኛም ብለናል። የዛሬው ንግግራችን ይህ አባባል እውነት መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ነው።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። የስፖርት ኮሚቴው አባሎች ስንሆን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ኅሊናችን ስለ ወቀሰን በዚህ ነገር የተጻፈውን ስናነብ ከርመናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

ስለ ስፖርት ጉዳት የሚደረገው ምርምር የቆመበትን መንገድ በ1992 የኔዘርላንዱ ምሁር ቫን መኸለንና ባልደረቦቻቸው በአራት ደረጃ አስቀምጠውታል። መጀመሪያ ጉዳቱን ቁጠር፤ ቀጥሎ መነሻውን ፈልግ፤ ከዚያ መከላከያ አግባ፤ በመጨረሻም እንደገና ቁጠር። ነገሩ ሲሰሙት እጅግ ቀላል ነው። ነገር ግን ወደ ራሳችን እንመለስ። የኮሚቴያችን መዝገብ ማን ስንት ግብ እንዳገባ፣ ማን ቢጫ ካርድ እንዳየ ይናገራል። ስንት ሰው ተጎድቶ እንደ ወጣ ግን አንድ መስመር የለበትም። ያልቆጠርነውን ነገር ዕድል ማለት ቀላል ነው።

የቆጠሩት ሰዎች ምን አገኙ? ከባድ ከሚባሉት የጉልበት ጅማት መበጠሶች ብዙዎቹ የሚደርሱት በባላጋራ ርግጫ ሳይሆን፣ ተጫዋቹ ብቻውን ሲታጠፍ፣ በድንገት ሲቆም ወይም ዘሎ ሲያርፍ ነው። ሴቶች ተጫዋቾች ለዚህ ጉዳት ከወንዶች ይልቅ የተጋለጡ ናቸው፤ ስለዚህ የሴቶች ቡድናችን አባሎች ይህን ንግግር የወንዶች ጉዳይ ነው ብለው እንዳያልፉት እንለምናለን። ሁለተኛው ግኝት ደግሞ አንድ ጊዜ የተጎዳ ሰው በዚያው ቦታ እንደገና የመጎዳት ዕድሉ ከሌላው የበለጠ መሆኑ ነው። ሦስተኛው እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይመለከታል፤ ይኸውም ሰውነት ያለመደው ሥራ በድንገት ሲጫንበት ነው። በፈተና ሰሞን ወር ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ፈተናው ባለቀ ሳምንት ሦስት ግጥሚያ የምንጫወት እኛ አይደለንምን?

እንግዲህ ወደ መከላከያው እንግባ። ከጨዋታ በፊት ብዙዎቻችን የምናደርገው ቆሞ እግር መሳብ ነው። አንዱ አጥር ላይ እግሩን ይሰቅላል፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ጣቱን ይነካል፤ ከዚያ ሁላችን ገብተን እንራወጣለን። በ2000 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት 1,538 ምልምል ወታደሮችን በሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ከልምምድ በፊት እንዲህ ጡንቻቸውን እንዲስቡ፣ ግማሾቹ እንዳይስቡ አደረገ። በጉዳታቸው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። መሳቡ ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን ተከላክያለሁ ብሎ መተማመኛ አይሆንም።

የሚከላከለው ሌላ ነው። ፊፋ ከኖርዌይና ከአሜሪካ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ «11 ፕላስ» የተባለ የማሟሟቂያ ሥርዓት አዘጋጅቷል። 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ቀላል ሩጫ፣ የሆድና የእግር ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ዘሎ ጉልበትን ሳያጣምሙ ማረፍ፣ ከዚያም ፈጠን ያለ ሩጫ ነው። ኳስና ሜዳ ካለ ሌላ ዕቃ አይጠይቅም። በ2008 በታተመው የኖርዌይ ጥናት ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ 1,892 ልጃገረዶች ተካፈሉ። በሠሩት ቡድኖች ጠቅላላው ጉዳት በሲሶ ያህል፣ ከባዱ ጉዳት ደግሞ ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን ቀነሰ። «ኖርዌይ ሣሩ የተመቸ፣ ሐኪሙ የቀረበ ነው» የሚል አይጠፋምና የሌጎስንም እንጨምር። በዚያ ከተማ በ20 ቡድኖች የታቀፉ 416 ወጣቶች ተሳትፈው፣ ውጤቱ በ2014 ሲታተም ሥርዓቱን በሠሩት ዘንድ ጉዳቱ 41 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን ከታፋ በስተኋላ ወደ ቋንጃ የሚወርደውን ጡንቻ የሚያጠነክረው አንድ ቀላል እንቅስቃሴ ነው። ተንበርከኩ፤ ጓደኛችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ከኋላ አጥብቆ ይያዝ፤ ከጉልበት እስከ ራስ ቀጥ ብላችሁ በዝግታ ወደ ፊት ውደቁ፤ ውድቀቱን በታፋችሁ ኃይል እስከ ቻላችሁ ድረስ ያዙት፤ ሲያቅታችሁ በእጃችሁ ተቀበሉት። ይኸው ነው። በዴንማርክ 50 ቡድኖች፣ 942 ወንዶች ተጫዋቾች ያሉበት ጥናት በ2011 ታትሟል። ይህን ባልሠሩት ቡድኖች የዚህ ጡንቻ ጉዳት 52 ጊዜ ሲደርስ፣ በሠሩት 15 ጊዜ ብቻ ደረሰ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከታወቀ ዓለም ሁሉ ይሠራዋል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። አይደለም። በ2015 የታተመ ጥናት በአውሮፓ የሻምፒዮኖች ሊግና በኖርዌይ ከፍተኛ ሊግ የሚጫወቱ 50 ክለቦችን ስለ ሦስት የውድድር ዘመኖች ጠይቆ ነበር። ከ150ው የክለብ ዘመን ውስጥ ይህ ልምምድ በሙሉ የተሠራው በ16ቱ ብቻ ነው። በሚሊዮን የሚገዛ እግር የያዙ ክለቦች! እንግዲህ የጎደለው ገንዘብ ወይም ዕውቀት ብቻ አይደለም። ልምምዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻ ያሳምማል፤ አሰልቺም ነው፤ ውጤቱ ደግሞ አይታይም። ያልተሰበረን እግር ማን ያጨበጭብለታል?

ከዚህ ላይ ስለ ራሳችን ባህል አንድ ነገር እንድንናገር ይፈቀድልን። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1964 ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ማሸነፉን ሁላችን በኩራት እንተርካለን፤ መተረክም ይገባናል። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ያው ጀግና በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሩጫውን ማቋረጡን ግን በማሞ ወልዴ ወርቅ ሸፍነን እናልፈዋለን። በሁለቱም ቀን ሰውየው አንድ ነው፤ ልቡም አልተለወጠም። የዳነ ቁስልና ያልዳነ እግር ግን አንድ አይደሉም። ያን ጓደኛችንን ወደ ሜዳ ስንመልሰው በአእምሯችን የነበረው ቶኪዮ ብቻ ነበር።

ስለ ሕክምናው ባጭሩ። ማረፍ፣ በረዶ፣ ማሰር፣ እግርን ከፍ ማድረግ የሚለውን ምክር በ1978 ያስፋፉት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሳቸው በ2014 በረዶውና ፍጹም ዕረፍቱ መዳንን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፈዋል። በረዶ ሕመም ያስታግሣል፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም። ዛሬ የሚመከረው ወለም ያለውን እግር ለጥቂት ቀን ጠብቆ፣ ከዚያ ሕመሙ በፈቀደ መጠን ቀስ በቀስ ማሠራት ነው።

ስብራት መኖሩን ለመጠርጠር በካናዳ በ1992 የወጣ ደንብ አለ፤ ቃል በቃል ብታስታውሱት አይከፋም። ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ ሰው አደጋው እንደ ደረሰና በምርመራም ጊዜ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ግራና ቀኝ ካሉት ጉብ ያሉ አጥንቶች የአንዱ ጫፍ ወይም የኋላ ጠርዝ ሲጫኑት ካመመው፣ ራጅ ይነሣ። ጉልበት ድምፅ አሰምቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካበጠ ደግሞ ምንም ቢሆን ወደ ሜዳ አይመለስ።

ወጌሻን በሚመለከት በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። በሀገራችን ክለቦች ውስጥ ሳይቀር ተጫዋች ሲወድቅ ሮጦ የሚገባው ባለሙያ በዚሁ ስም ይጠራል፤ ስለዚህ ስሙን የምንንቅ አይደለንም። ነገር ግን የተሰበረን ወይም ያበጠን እግር መጎተትና ማሸት፣ በቀርከሃም አጥብቆ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር ያግዳል፤ በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናትን የሀገራችን ሐኪሞች በጽሑፋቸው መዝግበዋል። አንዳንዶቻችን «የአያቶቻችንን ጥበብ አትንኩ» ብለው ተቃውመዋል። መልሳችን ራጁ ይቅደም የሚል ነው። በነገራችን ላይ ያን ሻሽ ያጠበቅነው ወጌሻ ሳንሆን እኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን።

ጅማቱ ተበጥሶ በቀዶ ሕክምና የተጠገነለት ሰው የሚቸኩል ከሆነም ይህን ይስማ። በ2016 በታተመ የኖርዌይ ጥናት እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳቱ መጠን በግማሽ ያህል ይቀንስ ነበር።

ኮሚቴው ለዘንድሮው ውድድር ሦስት ነገር ወስኗል። ግጥሚያ ከመጀመሩ 20 ደቂቃ በፊት ሜዳው ለሁለቱም ቡድኖች ክፍት ይሆናል። ጉዳት የሚመዘገብበት ደብተር ከዳኛው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ደብተሩንም የሚይዘው በፈቃዱ ያ ጓደኛችን ነው። ተጎድቶ የወጣ ተጫዋች እንዲመለስ የሚፈቅደው አምበሉ ወይም ደጋፊው ሳይሆን፣ በዕለቱ ከሜዳው ዳር የሚቀመጠው የሕክምና ፋኩልቲ ተማሪ ይሆናል። የመጀመሪያው ልምምድ ቅዳሜ ጧት በ1 ሰዓት ነው። የምትንበረከኩበት ፎጣ ወይም አሮጌ ካፖርት ይዛችሁ ኑ፤ ሜዳው ጠጠር ነው።