አሮጌው ኦራል በደኅና ቢቸናና ሞጣ እንዲገባ ያደረግነው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው በግቢያችን ስለቆመው መኪና ነው። ከአባላት «ጨረታውን ካሸነፍን በኋላ ይህን ያህል ቀን ምን አቆየው?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። ከደጋፊዎቻችንም «በዚህ ገንዘብ ለምን ወፍጮ አልገዛችሁም?» የሚል ጥያቄ መጥቷል። ሁለቱም ተገቢ ስለሆኑ በየተራ እንመልሳለን።

የእነማይ መሬት ዋልካ ነው። ጤፉን የሚያሳምረው ይኸው ጥቁር አፈር ክረምት ሲገባ እግር ይይዛል። ያን ጊዜ ኢሱዙ ከዋናው መንገድ አይወጣም። እህሉ የሚወጣው በአህያ ነው፤ አህያ የሌላት በጀርባዋ ትሸከማለች። ነጋዴም ይህን ስለሚያውቅ ደጃችን ድረስ መጥቶ የሚሰጠን ዋጋና ቢቸና ገበያ ላይ የሚከፈለው ዋጋ አይገናኙም። ወፍጮ ብንተክልም እህሉ ወፍጮው ድረስ መድረስ አለበት። ስለዚህ መጓጓዣውን አስቀደምን።

ኦራል ደግሞ ለእንዲህ ያለ መሬት የተሠራ መኪና ነው። ሩሲያ ውስጥ ሚያስ በምትባል ከተማ የሚመረት ሲሆን በደርግ ዘመን ለሠራዊቱ ወደ አገራችን ከገቡት የሶቪየት መኪኖች አንዱ ነው። ስድስቱም ጎማዎቹ ይገፋሉ። ሾፌሩ ጋቢና ተቀምጦ የጎማውን ንፋስ መቀነስና መጨመር ይችላል፤ ጭቃ ላይ ንፋሱን ሲቀንስ ጎማው ይሰፋና አይሰምጥም።

ነገር ግን ኦራል ሁሉ አንድ አይደለም። 375 የሚባለው በቤንዚን ይሠራል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ያህል ይጠጣል። 4320 የሚባለው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1977 ጀምሮ የተመረተው፣ በናፍጣ ነው። በውጭ መልካቸው ይመሳሰላሉ። ጨረታ ላይ ቤንዚኑ በርካሽ ቢገኝ እንኳ ዓመት ሳይሞላ ቁጠባችንን ይጨርሰው ነበር። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆንብን ናፍጣውን መረጥን።

አሁን ስለ ቆይታው። በጨረታ የሚሸጥ መኪና ባለበት ሁኔታ ነው የሚሸጠው፤ ከግቢ ከወጣ በኋላ «ይህ ጎደለ» ብሎ መመለስ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አመሳከርን። ቀጥሎ የባለቤትነት ስሙ እስኪዛወር፣ ሊብሬውና ታርጋው እስኪወጣ፣ ምርመራውን አልፎ ቦሎ እስኪለጠፍበት ጠበቅን። የሦስተኛ ወገን መድንም ገባን። መድኑ በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ግዴታ ነው፤ ግዴታም ባይሆን መኪናችን በሰው ልጅ ላይ ጉዳት ቢያደርስ ማኅበራችን ከነቁጠባው ይፈርስ ነበር። የወታደር ቀለሙንም ቀየርን። የሲቪል ሰው የሚነዳው መኪና የሠራዊት ቀለም ይዞ ሲመጣ የሚያየው ሁሉ ይጠረጥረዋል፤ ሾፌራችንን ለዚያ አሳልፈን አንሰጥም።

ከዚያ ጋራዥ ገባ። ብዙዎቻችሁ «ሞተሩ ይነሳል አይደል? ይምጣ!» ብላችሁ ነበር። መካኒኩ ያስረዳን ግን አሮጌ መኪና የሚያስፈራው ባለመነሳቱ ሳይሆን ባለመቆሙ መሆኑን ነው። የኦራል ፍሬን በንፋስና በዘይት ነው የሚሠራው። ንፋሱን የሚሞላው በሞተሩ የሚሽከረከር መጭመቂያ ነው፤ ንፋሱ የፍሬን ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። ለዓመታት የቆመ መኪና ላይ ዘይቱ እርጥበት ይስባል፣ የጎማ ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ የፍሬን ዘይቱ ሙሉ በሙሉ፣ ቱቦዎቹና የሳሳው ሸራም ተቀየሩ። የመኪናው ጎማዎች ጥርሳቸው አላለቀም ነበር፤ ጎኖቻቸው ግን ተሰነጣጥቀዋል። ጎማ በመንገድ ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያልቃል። የፊቶቹን ሁለቱን በአዲስ ተካን፤ የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪ ነጥቆ ስለሚሄድ።

«በሌላ መኪና ተጎትቶ ይምጣና እዚሁ ይጠገን» የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ወጪው ይቀንሳል ብለው ያቀረቡት እህቶች ለማኅበሩ አስበው ነው። ግን ሞተሩ የጠፋ ኦራል መጭመቂያው ስለማይዞር ንፋስ አይሞላም፤ መሪውም ያለ ሞተር እርዳታ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ስምንት ቶን የሚሆን ብረት፣ ያለ ፍሬን፣ በገመድ ታስሮ አባይን ሲወርድ አስቡት። ከፊት ያለውንም ይዞት ይሄዳል።

«ባዶውን ከሚመጣ ሲሚንቶ ይጫንበትና የነዳጁን ይቻል» የተባለውንም አልተቀበልንም። በመጀመሪያው ጉዞ መኪናው ይፈተናል እንጂ አያተርፍም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሲሚንቶ ይለቀማል፣ ሰው ግን አይለቀምም።

ሾፌራችን በዕድሜ የገፉ፣ ይህን መኪና ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋር ስንዋዋል የከፈልነው በጉዞ ሳይሆን በቀን ነው። በጉዞ የሚከፈለው ሾፌር ቶሎ ሲደርስ ያተርፋል፤ በቀን የሚከፈለው ግን ለመቸኮል ምክንያት የለውም። የመድረሻ ቀንም አልቆረጥንላቸውም። «ለጉባኤው ይድረስ» ያላችሁን እምቢ ያልነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ትእዛዝ ብቻ ሰጠናቸው፦ በሌሊት አይንዱ፤ ልብዎ ካልወደደ ያቁሙ።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ጎሃ ጽዮን ደጋ ለደጋ ነው። ከዚያ እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ የኅዳሴ ድልድይን ተሻግሮ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ሾፌራችን ጎሃ ጽዮን አድረው ጠዋት ጀመሩ። ቁልቁለቱን የወረዱት በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው አድርገው ነው። ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ ከሆነ ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ ቢረገጥም አይዝም። ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድማ መሞት ነው። በየመሃሉ ቆመው፣ ረዳቱ ታኮ ከጎማው ሥር አድርጎ፣ እጁን ወደ ታምቡሮቹ አስጠግቶ ሙቀታቸውን ይለካ ነበር። በዳገቱ በኩል ችግሩ የውኃው መፍላት ነው። ሁለት ጊዜ ቆመው አቀዘቀዙ፤ የጋለ ራዲያተርም አልከፈቱም።

ደጀን ሲደርሱ ልጆቻችሁን ይዛችሁ «ከዚህ እስከ ቢቸና ተጭነን እየዘፈንን እንግባ» ያላችሁ ነበራችሁ። መከልከላችን እንዳስከፋችሁ እናውቃለን። ወታደር ተሳፍሮበታል ማለት እናቶች ከነልጆቻቸው ይሳፈሩበት ማለት አይደለም። የተገዛው ለእህል ነው፤ ሰው አይጫንበትም። ይህ ደንብ ወደፊትም ለሊቀ መንበሯም ሆነ ለቄሱ አይላላም።

የሞጣ እህቶቻችን ደግሞ «እኛም እኩል አዋጥተናል፣ መቼ ነው የሚደርሰን?» ብላችኋል። እውነት ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሆነው ሁላችን ስለያዝነው ነው። መኪናው ቢቸና ከገባ በኋላ የሞተር ዘይቱ ተቀየረ፣ የጎማዎቹ ቡሎኖች እንደገና ጠበቁ፣ የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ ታየ። በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከእንግዲህ አንድ ሳምንት ቢቸና፣ አንድ ሳምንት ሞጣ ይሠራል።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ልመና አለን። ሁለተኛ መኪና አንጠይቅም። የቀሩትን አራት ጎማዎችና የዓመት የፍሬን ዕቃ አግዙን። ለአባላት ደግሞ፦ ከእያንዳንዱ ጭነት ኪራይ ለጥገና የሚቀመጠውን ገንዘብ ለሌላ ነገር፣ ለሐዘንም ቢሆን፣ እንዳንነካው ዛሬ በድምፃችሁ አጽኑልን። ሾፌራችንና ረዳቱ በሰላም ቤታቸው ገብተዋል፤ ነገም እንዲገቡ የሚያደርገው ያ ገንዘብ ነው።