ቤንዚኑ ግን አልተከለከለም

ዛሬ የምናወጋው አሜሪካ «የሰው ጠብ አያገባኝም» ብላ ስለተቀመጠችበት ዘመን ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ100 ሺህ በላይ ወታደሮቿን ያጣች አገር ናት። ሕዝቡ በአውሮፓ ጣጣ ተሰላችቷል። በሴናተር ጄራልድ ናይ የሚመራ ኮሚቴም የመሣሪያ ነጋዴዎችን የትርፍ መዝገብ እያገላበጠ ነው። ነሐሴ 25 ቀን 1927 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገለልተኝነት ሕጉን ፈረሙ፤ ለተዋጊ ወገኖች፣ አጥቂም ይሁን ተጠቂ፣ መሣሪያ መሸጥ ተከለከለ።

ቀለሙ ሳይደርቅ፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ የኢጣሊያው መሪ የሙሶሊኒ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። ከሁለት ቀን በኋላ ሕጉ በኢጣሊያም በኢትዮጵያም ላይ ተፈጻሚ ሆነ።

ላይ ላዩን ሲያዩት ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ኢጣሊያ አውሮፕላኑንም መድፉንም ራሷ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ከውጭ ካልገዛች መሣሪያ ከየት ታምጣ? ነዳጅ ደግሞ እንደ ጦር መሣሪያ አልተቆጠረም። ሩዝቬልት የነዳጅ ነጋዴዎቹን «ኧረ ተዉ» ቢሉም የሚያስገድድ ሕግ አልነበራቸውም። ለኢጣሊያ የሚጫነው የአሜሪካ ነዳጅ ጭራሽ ጨመረ።

እርግጥ ዋሽንግተን የኢጣሊያን ወረራ በሕጋዊነት አልተቀበለችም። ሩዝቬልትና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ለፊት የተገናኙት ግን የካቲት 1937 ነው፤ ግብፅ ውስጥ፣ በአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ።