ስለ ሰፈር ትምህርትና ስለ ልጆች መዝናኛ፤ ከኮንዮ ኮንዮ የተገኘ ትምህርት



ስለ አንድ ሰፈር መስሕብ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንቈጥረው ሐውልቱን፣ ድልድዩንና ታላላቁን ሕንፃ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም በዚያ ሰፈር ሕፃን ልጅ ተቀምጦ የሚማርበት፣ ተነሥቶም የሚጫወትበት ስፍራ አለን? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ በልቤ ያሳደረው በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር ወደ ጁባ በሄድሁ ጊዜ ያየሁት ነው። የደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ኮንዮ ኮንዮም ከታላላቅ ገበያዎቿ አንዱ ነው። በዚያ የሐበሻ ነጋዴ አይታጣምና አማርኛችን ከጁባ ዓረብኛ ጋራ ተደባልቆ ይሰማል። ለሚጎበኝም ሰው የሚታይ ሞልቷል፤ በካቶር የቅድስት ቴሬዛ ካቴድራል፣ በወንዙ ላይ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የነጻነት ድልድይ፣ በስተ ምዕራብም የጀበል ኩጁር ተራራ አሉ። የሀገሩ ታሪክም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የመጀመሪያውን የርስ በርስ ጦርነት ያስቆመው ውል የተፈረመው በየካቲት ወር 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነበርና።

በገበያው መካከል ዐሥር ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ውሃ ይሸጥ ነበር። አብሮኝ የነበረው ነጋዴ ሰባት ውሃ ቢገዛው፣ እኔ ሒሳቡን በጣቴ ገና ስቈጥር ልጁ መልሱን ሰጥቶ ጨረሰ። በነጋዴው አስተርጓሚነት ስለ ትምህርቱ ብጠይቀው፣ ትምህርት ቤቱ በሙቀት ምክንያት መዘጋቱን ነገረኝ። «ሲከፈት ትመለሳለህን?» ብለው ግን ዝም አለ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አልተለየኝም።

ነገሩ እውነት ነበር። በዚያ ወር በጁባ በቀን በአማካይ 12 ያህል ተማሪዎች በሙቀት ራሳቸውን ስተው ይወድቁ እንደ ነበር የትምህርት ሹማምንቱ ገልጸው፣ ትምህርት ቤቶች ለሁለት ሳምንት እንዲዘጉ አዘዙ። በዓመቱ በፊትም፣ በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ እንዲሁ ተዘግተው ነበር። ብዙዎቹ ክፍሎች ከቆርቆሮ የተሠሩ ናቸውና፣ ፀሐይ በበረታ ጊዜ ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። ከዚያው ከተማ የማንጎ ዛፍ ሥር ግን ሽማግሌውም፣ ሻይ ሻጭዋም፣ ሕፃናቱም ተሰብስበው ይውላሉ። እንግዲህ የሰፈሩ ታላቅ ሀብት ያ ጥላ መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋልሁ።

ስለ ጨዋታም ቢሆን፣ የደቡብ ሱዳን የቅርጫት ኳስ ቡድን በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 ማሸነፉን ታስታውሳላችሁ። በዚያን ጊዜ ሀገሪቱ ነጻ ከወጣች ገና 13 ዓመቷ ሲሆን፣ ባለ ጣሪያ የቅርጫት ኳስ ሜዳም አልነበራትም። የዚያ ቀን ደስታ ግን ነገ ዘሩ የሚበቅለው ልጆች በየሰፈራቸው ሜዳ ሲያገኙ ነው።

ይህን የተናገርሁት በጎረቤት ለማዘን ብቻ አይደለም። እኛስ ዛፉን ቈርጠን ክፍል ስንጨምር፣ የመጫወቻውንም ሜዳ ለሱቅ ስንሰጥ ምን አልን? ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እጩ መምህር ለማስተማር ልምምድ ሲላክ አስቀድሞ የሰፈሩን ገበያ፣ ወንዝና ሜዳ ዞሮ ይመልከት፤ ሒሳቡንም ከገበያው፣ መልክዐ ምድሩንም ከወንዙ ያስተምር። ውሃ ሻጩ ልጅ የሚያውቀውን ሒሳብ በክፍሉ ውስጥ ቢያገኘው ኖሮ፣ ለጥያቄዬ መልስ ሳያገኝ አይቀርም ነበር። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ዛፍ ተክሎ እስኪጸድቅ ይጠብቅ፤ ሜዳውንም እንደ ክፍሉ ቈጥሮ አያስነካ።

ዛፍ የሚተክል መምህር ጥላው ሳይደርስ ወደ ሌላ ስፍራ ሊዛወር ይችላል። ይሁን እንጂ የእኛ ሥራ ከጥንትም እንዲህ ነው፤ እኛ ተክለን ሌላው ይቀመጥበታል።