ባዶው የአበባ ማስቀመጫና የቤት አያያዝ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ምሽት ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ ትንሽ የቤት ዕቃ ነው። ይኸውም በቡፌው ላይ ወይም በሳሎኑ ጠረጴዛ መካከል ቆሞ የምናየው የአበባ ማስቀመጫ ነው። ምናልባት ከአድማጮቼ መካከል «ስንት ከባድ ጉዳይ እያለ ስለ አበባ ማስቀመጫ መናገር ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የአንድ ቤት አያያዝ የሚመዘነው በትልልቁ ዕቃ ብቻ አይደለም። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው አልጋና ቁም ሣጥን የሚገዛው አስቦና ተማክሮ ነው፤ ኪሱን የሚያራቁተው ሳያስብ ከሱቅ የሚያነሣው ትንንሽ ነገር ነው። ዛሬ የእስክርቢቶ ማስቀመጫ፣ ነገ የማማሰያ መያዣ፣ ከነገ ወዲያ የዣንጥላ ማቆሚያ እያለ ሲገዛ፣ ይህን ሁሉ ሥራ ሊሠራ የሚችል ዕቃ በገዛ ቤቱ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። ስለዚህ ንግግሬ ስለ አበባ ማስቀመጫ ይሁን እንጂ፣ አሳቡ በቤታችን ሥራ ፈትቶ ስለ ተቀመጠ ዕቃ ሁሉ ነው።

የአበባ ማስቀመጫ ወደ ቤታችን የሚገባው ብዙውን ጊዜ በስጦታ ነው። በሠርግ ቀን አንዱ፣ በምርቃት ቀን ሌላው፣ አዲስ ቤት ሲገባ ደግሞ ሦስተኛው ይመጣል። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ይሞላበታል፤ ቤቱም ለጥቂት ቀናት ደምቆ ይሰነብታል። የአደይ ወራት ካለፈ በኋላ ግን ማስቀመጫው ባዶውን ይቀራል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ብዙ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት። በዝዋይ፣ በሆለታና በሰበታ አካባቢ የሚበቅለው ጽጌ ረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ አውሮፓ ገበያ ይሄዳል። በየሳምንቱ ትኩስ ጽጌ ረዳ እየገዛ ጠረጴዛውን ማስጌጥ የሚችል የመንግሥት ሠራተኛ ግን ብዙ አይደለም። ይህ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የሚያሳዝነው ዕቃው አበባ ማጣቱ ሳይሆን፣ ከአበባ በቀር ሌላ ነገር መያዝ የማይችል መስሎን ዓመቱን ሙሉ ሳንነካው መኖራችን ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዕቃ እንዲህ ያለ ረጅም ዕረፍት አይሰጡም ነበር። ጠላ መያዝ የተሳነው ጋን እህል ይከተትበታል። አንገቱ የተሰበረ እንሥራ ለዶሮ ውሃ ማጠጫ ይሆናል። የተሰነጠቀ ቅል ተሰፍቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ፈጽሞ የተሰባበረ ሸክላ እንኳ ገል ተብሎ ከጎረቤት ፍም ይጫርበታል፤ ዕጣን ይጨስበታል። «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» የሚለውን ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ሰውን ለመንቀፍ ነው። በቤት አያያዝ ረገድ ካየነው ግን፣ ጋን በጠፋበት ቤት ምንቸቱ ጋን ሆኖ ካገለገለ ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም።

ጌጥና አገልግሎት ተለያይተው መኖር አለባቸው የሚለው አሳብም በአገራችን የቆየ አይደለም። በአክሱም ከተገኙት ጥንታውያን የሸክላ ዕቃዎች መካከል አንገታቸው በሰው ራስ አምሳል የተቀረጸ ማሰሮዎች አሉ። ሠሪው ማሰሮውን ሲያስጌጠው ማሰሮነቱን አላስቀረበትም። እኛም ያጌጠውን ዕቃ ብናሠራው ጌጡን አንቀንስበትም።

እንግዲህ ወደ ምደባው እንግባ። አንድ የሠራተኛ አስተዳደር ሹም ሠራተኛውን ከመመደቡ በፊት ችሎታውን እንደሚመረምር፣ እኛም አስቀድመን ሦስት ነገር እንመልከት። አፉ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ? ቁመቱ ምን ያህል ነው? የተሠራውስ ከምንድን ነው?

ረጅምና አፈ ሰፊ የሆነው በበሩ አጠገብ ቆሞ በክረምት ዣንጥላ ይቀበል። ክብደት አግኝቶ እንዳይወድቅ ከግርጌው ጥቂት ጠጠር ይጨመርበት፤ «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይባል የለምን? ከዣንጥላው የሚንጠባጠበውን ውሃ እንዲመጥም በጠጠሩ ላይ ያረጀ ጨርቅ ይደረግ፤ ጨርቁም በየጊዜው ወጥቶ ይድረቅ።

መካከለኛው ወደ ማድ ቤት ይዛወር። ማማሰያው፣ ጭልፋውና የእንጨት ማንኪያው በመሳቢያ ውስጥ ተደራርበው ከሚፈለጉ ይልቅ፣ በምድጃው አቅራቢያ ቆመው ቢገኙ ለሚያበስለው ሰው ሥራውን ያቀሉለታል። ቢላዋ ግን እንዲህ ባለ ዕቃ አይቀመጥ፤ ልጅ ሳያይ እጁን ሊሰድበት ይችላልና።

ትንሹ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛ ሄዶ እስክርቢቶና ማስመሪያ ይያዝ። የእርሱ ብጤ የሆነው ሌላው ደግሞ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ ተጠቅልሎ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆይበት። ደረሰኙ ቦታው የታወቀ እንደሆነ «የት አደረግኸው?» «አንቺ አይደለሽም ወይ የተቀበልሽው?» የሚለው የባልና የሚስት ክርክር ከቤቱ ይወጣል።

አንገቱ ጠባብ የሆነውን ብዙ ሰው ለምንም አይረባም ይለዋል። ነገር ግን ጥሩ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ለመቀበል ፈጣን፣ ለማውጣት አስቸጋሪ ነውና። የአንድ ብር ሳንቲሞችና የገበያ መልስ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀሙበት እንደሆነ፣ መስከረም ሲደርስ ከደብተር ግዢው ጥቂቱን ይሸፍናል። ከዚህም ይበልጥ ልጆች ቁጠባን በምክር ሳይሆን በዓይናቸው አይተው ይማሩበታል።

ወለል ብሎ የሚያሳየው የመስታወት ማስቀመጫ ደግሞ የአትክልት ማፍያ ሊሆን ይችላል። የናና ወይም የጥብስ ቅጠል ቀንበጥ ተቆርጦ፣ ከውሃ በታች የሚውለው ቅጠል ተለቅሞ፣ በንጹሕ ውሃ ይቁም፤ ውሃውም በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ይለወጥ። ናና ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ሥር ያወጣል፤ የጥብስ ቅጠል ግን ከዚያ በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሥሩ ሲጠነክር አፈር ወዳለበት ጣሳ ይዛወራል። ልጆች ሥር እንዴት እንደሚወጣ በመስታወቱ አሻግረው ሲያዩ፣ በትምህርት ቤት በሥዕል የተማሩትን በቤታቸው ያገኙታል።

ምንም ቀለምና ልስን ያልተቀባው ተራ ሸክላ ሌላ ችሎታ አለው። ግድግዳው ውሃን በቀስታ ያሳልፋል። በጓሮ ውስጥ በጎመንና በቃሪያ መካከል እስከ አንገቱ ተቀብሮ ውሃ የተሞላ እንደሆነ፣ አፈሩ ሲደርቅ ውሃው እየሰረገ ይወጣል፤ አፈሩ ሲረጥብ መስረጉ ይቀንሳል። ይህ ዘዴ በቻይና ከ2,000 ዓመታት በፊት በተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ ተመዝግቦ ይገኛል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ውሃው በፀሐይ እንዳይተንና ትንኝ እንዳይገባበት አፉን በክዳን ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ መግጠም ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ማስቀመጫ ሊመደብበት ስለማይገባው ሥራ ልናገር። ከባድ የሆነውና ሲነኩት እንደ ደወል የሚያቃጭለው ክሪስታል የሚባል ብርጭቆ ብዙ ጊዜ እርሳስ የተባለው ማዕድን አለበት። የእርሳስ ክሪስታል በሚባለው ውስጥ የእርሳስ ኦክሳይዱ መጠን ከመቶ 24 እና ከዚያም በላይ ነው። ጠጅ፣ አረቄ፣ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ በውስጡ የሰነበተ እንደሆነ እርሳሱ ወደ መጠጡ ይገባል። እርሳስ መርዝ ነው፤ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል። ለጌጥ ተብሎ ቀለምና ልስን በተቀባ ሸክላም እንዲህ ያለ አደጋ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ይሁን፤ ለጌጥ የተሠራ ዕቃ እስክርቢቶና ሳንቲም ይያዝ እንጂ ምግብና መጠጥ አይያዝ።

መብራት በሚጠፋበት ምሽት አንዳንድ ሰው ሻማ በመስታወት ማስቀመጫ ውስጥ ያቆማል። ይህን የሚያደርግ ሰው አፈ ሰፊውን ይምረጥ፤ ከግርጌው አሸዋ ያድርግ፤ ከመጋረጃና ከልጆች እጅ ያርቅ። ስስ መስታወት በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ሻማው ከግድግዳው ጋር አይነካካ። ወደ መኝታ ከመሄዱ በፊትም ራሱ እፍ ብሎ ያጥፋው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቁጠባና ስለ ምቾት ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ግን ስለ ጤና፣ ምናልባትም ስለ ሕይወት ነው። እኛ ሥራ ያልሰጠነው ባዶ ዕቃ ሥራ ፈትቶ አይቀርም፤ ሌላ ቀጣሪ ያገኛል። በበረንዳ ወይም በጓሮ የተረሳ ማስቀመጫ የዝናብ ውሃ ያቁራል። አበባው ከደረቀ በኋላ ሳይደፋ የቀረው ውሃም እንዲሁ ይሰነብታል። ኤዴስ የምትባለው ትንኝ የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ጥቂትና የተኛ ውሃ ነው። ይህች ትንኝ የምትናከሰው በቀን ሲሆን፣ የደንጊንና የቺኩንጉንያን በሽታ ታስተላልፋለች። ድሬዳዋ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በደንጊ፣ በ2019 ደግሞ በቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተጠቅታለች።

ወባም ቢሆን የገጠር በሽታ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። አኖፊሊስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2016 በቀብሪደሃር ነው። በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት መሆኗ በጥናት ታውቋል። ይህች ደግሞ ከረግረግ ይልቅ በከተማ ቤቶች ባለ የውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። አዲስ አበባ ከፍታዋና ብርዷ በመጠኑ ይጠብቃት ይሆናል። ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ አዲስ አበባ ቢሆን ነገ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሰመራ ወይም ወደ ጎዴ ሊዛወር ይችላል፤ የቤቱ ልማድም አብሮት ይዛወራል።

መከላከያው ቀላል ነው። የትንኝ እንቁላል አድጎ በራሪ ለመሆን በሞቃት አገር አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ውሃ የያዘ ማስቀመጫ ቢያንስ በየሳምንቱ ይደፋ። መድፋት ብቻ ግን አይበቃም፤ ኤዴስ እንቁላሏን የምታጣብቀው ከውሃው ጠርዝ በላይ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው፤ እንቁላሉም በደረቅ ቦታ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የውስጡ ግድግዳ በብሩሽ ይፈተግ። በውጭ ያለ ባዶ ዕቃ ሁሉ አፉ ወደ መሬት ተደፍቶ ይቀመጥ ወይም ወደ ቤት ይግባ። ይህ ሥራ በሳምንት ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። በብዙዎቻችን ቤት ቡፌ አለ። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ብርጭቆ፣ ሳህንና ማስቀመጫ ለእንግዳ የተጠበቀ ነው። እንግዳን ማክበር የቆየና የተወደደ ልማዳችን ስለሆነ ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን ማን እንደሚመጣ ለማይታወቅ እንግዳ መልካሙን ሁሉ ቆልፈን፣ በየቀኑ አብረውን ለሚበሉት ልጆች የተጣመመውን ኩባያ ስናቀርብ፣ ሳናውቀው አንድ ክፉ ነገር እናስተምራቸዋለን። ይኸውም መልካም ነገር ለእነርሱ የማይገባ መሆኑን ነው። ሕፃኑ «እንዳትነካው፣ ይሰበራል» እየተባለ ያድጋል፤ ዕቃ በጥንቃቄ መያዝን ግን አይማርም፤ ሳይነኩ መጠንቀቅን መማር አይቻልምና። የአበባ ማስቀመጫውን ሰጥታችሁ «ይህ የአንተ የእርሳስ ማስቀመጫ ነው፤ አጥበህ ያዘው» ብትሉት፣ ዕቃውንም ታተርፋላችሁ፤ ልጁንም ኃላፊነት ታስለምዳላችሁ። አንድ ቀን ቢሰበርም የጠፋው ዕቃ ነው፤ ልጁ የተማረው ግን ይቀራል።

ስለዚህ በመጪው እሑድ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ቡፌውንና በረንዳውን ቢመረምሩ፣ ባዶውን ዕቃ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢደረድሩ፣ ለእያንዳንዱም ሥራ ቢሰጡ መልካም ነው። ሥራ ያልተገኘለት ዕቃ ካለ ለሚፈልገው ጎረቤት ይሰጥ። ከሁሉም መካከል ግን አንዱ ባዶውን ይቆይ፤ መስከረም ሲመለስ አደዩን የሚቀበል ያስፈልጋልና።