ፍጹም ዋጋ እና «መረጃው ይበቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ

(ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ለሚዘጋጁ ተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ የምትመላለሱት ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ስለሆነ፣ ከምታውቁት መንገድ ልጀምር። አንድ ጓደኛችሁ በጅማ መንገድ ላይ ሆኖ ቢደውልና «ከሰበታ 5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነኝ» ቢላችሁ፣ የት እንዳለ ታውቃላችሁን? አታውቁም። ገና ሰበታ አልደረሰ ይሆናል፤ ወይም አልፏት ወደ ተፍኪ እያመራ ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄያችሁ «ከጅማ ይልቅ ለአዲስ አበባ ይቀርባል ወይ?» የሚል ከሆነ፣ ያለበትን ስፍራ ሳታውቁ በእርግጠኝነት «አዎን» ትላላችሁ። ስፍራው ሁለት ነው፤ መልሱ ግን አንድ።

የዛሬው ነገሬ በሙሉ ከዚህ ምሳሌ አይወጣም። ፍጹም ዋጋ ርቀት ነው፤ አቅጣጫን አይናገርም። ካርል ቫየርሽትራስ እ.ኤ.አ. በ1841 በጻፈው ጽሑፍ የተጠቀመባቸው ሁለት ቋሚ መስመሮች ዛሬም የሚነግሩን ይህንኑ ነው።

የመረጃ በቂነት ጥያቄ በስፋት የሚታወቀው ለንግድ ሥራ አመራር ትምህርት በሚሰጠው ጂማት በተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በተሰጠው አዲስ ቅርጽ፣ ይህ ዓይነት ጥያቄ 20 ጥያቄዎችን በ45 ደቂቃ በሚይዘው ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ ለአንዱ በአማካይ 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ማለት ነው። አንድ ጥያቄና ሁለት መግለጫዎች ይቀርባሉ። ተፈታኙ የሚጠየቀው መልሱን እንዲያወጣ ሳይሆን፣ መግለጫዎቹ ለመልሱ ይበቁ እንደሆነ እንዲፈርድ ነው፦ የመጀመሪያው ብቻውን፣ ሁለተኛው ብቻውን፣ እያንዳንዱ ለየብቻው፣ ሁለቱ ተጣምረው፣ ወይም ተጣምረውም የማይበቁ።

አሁን ሰሌዳውን ተመልከቱ። «ቀ ከዜሮ ይበልጣል ወይ?» ይላል ጥያቄው። አንደኛው መግለጫ |ቀ − 3| = 2፤ ሁለተኛው |ቀ − 2| = 3።

ከመጀመሪያው ቀ 5 ወይም 1 ነው። ከሁለተኛው ቀ 5 ወይም −1 ነው። ሲጣመሩ 5 ብቻ ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ «ሁለቱ ተጣምረው ይበቃሉ» ብሎ በደስታ ያልፋል። እኔም በተማሪነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሳትሁት ስሌቱ አቅቶኝ አይደለም፤ ስሌቱን አንድም ሳላሳስት ነበር፤ ያን ቀን የተሰማኝን ንዴት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የተጠየቀው «ቀ ስንት ነው?» አይደለም። 5ም 1ም ከዜሮ ይበልጣሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው መግለጫ ብቻውን ይበቃል። መቁጠር ያለብን የቀን ዋጋዎች ሳይሆን የጥያቄውን መልሶች ነው።

በዚያው ጥያቄ ላይ |ቀ + 6| = 2 ቢሰጠንስ? ቀ −4 ወይም −8 ይሆናል። መልሱ ሁልጊዜ «አይበልጥም» ነው። እርግጠኛ «አይደለም» እንደ እርግጠኛ «አዎን» ሁሉ በቂ ነው፤ የማይበቃው «አንዳንዴ» ብቻ ነው።

ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ ይብሳል፤ ጠንቃቃውን ተማሪ የሚጥለው እርሱ ነውና። «ቀ ስንት ነው?» ተብሎ |ቀ − 4| = 2ቀ − 5 ቢሰጥ፣ ፍጹም ዋጋ ሁለት መልስ እንዳለው የለመደ ተማሪ ሁለቱንም መንገድ ይሠራል። ቀ − 4 = 2ቀ − 5 ሲል 1ን ያገኛል፤ 4 − ቀ = 2ቀ − 5 ሲል 3ን ያገኛል። «ሁለት ዋጋ አለ፤ አይበቃም» ይላል። ግን 1ን መልሶ ይተካ፦ በግራ 3፣ በቀኝ −3። ርቀት ከዜሮ በታች አይሆንም፤ 1 ይወድቃል። 3 ሲተካ በሁለቱም ወገን 1 ይሆናል። የቀረው 3 ብቻ ስለሆነ መግለጫው ይበቃል። ያገኙትን ዋጋ መልሶ መተካት አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ ጊዜ የለኝም የሚለውን ምክንያት አልቀበልም።

በመጨረሻ፣ ቁጥር ፈጽሞ የሌለበት ጥያቄ። |ቀ − ወ| = |ቀ| + |ወ| ነው ወይ? አንደኛው መግለጫ ቀ × ወ < 0፤ ሁለተኛው |ቀ| > |ወ|። በፊደላት ከመታገል አዲስ አበባን በዜሮ ላይ አስቀምጧት። ሱሉልታ በሰሜን፣ ሰበታ በደቡብ ምዕራብ ናት፤ መንገዱን እንደ ቀጥተኛ መስመር ብንቆጥረው (የእንጦጦን ጠመዝማዛ ይቅር በሉኝ)፣ ሁለቱ በዜሮ ግራና ቀኝ ይሆናሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት የሁለቱ ከአዲስ አበባ ያላቸው ርቀት ድምር ነው። የመጀመሪያው መግለጫ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ብዜቱ ከዜሮ ካነሰ ሁለቱ በተለያየ ወገን ናቸው። ስለዚህ ይበቃል። ሁለተኛው ግን ማን እንደሚርቅ ብቻ ይናገራል። ቀ 5፣ ወ −2 ቢሆኑ 7 = 7፤ ቀ 5፣ ወ 2 ቢሆኑ ግን 3 እና 7። አይበቃም።

ሁለተኛውን መግለጫ ስትመዝኑ የመጀመሪያውን በእጃችሁ ሸፍኑት። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ከኋላ የተቀመጥሽው እኅቴ እጅሽን ካነሣሽ ቆይተሻል፤ ካንቺ እንጀምር።