የምናከራየውን ቤት መጠገን ዕዳችን ነው
(ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላትና ለአገልጋይ ካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



በከተሞች የሚገኙ በርካታ አድባራት ለአገልግሎትና ለልማት ከሚያውሏቸው ገቢዎች አንዱ የቤት ኪራይ ነው። ከሚከራዩት ቤቶች መካከል በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተወርሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ የተመለሱ፣ ያረጁ የጭቃ ቤቶችም ይገኙባቸዋል። ስለ ኪራይ አሰባሰብ በየጉባኤያችን እንነጋገራለን። ኪራዩን እየከፈለ በሚያፈስ ጣራ ሥር ስለሚያድረው ሰው ግን የምንነጋገረው ጥቂት ነው። ዛሬ የማነሣው ይህንኑ ነው።

የተከራየ ቤት ጥገና ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳ ነው። ኪራዩን ስንቀበል አብረን የተቀበልነው ግዴታ ነው።

ይህ ለካህናት እንግዳ ትምህርት አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 በቤት ግድግዳ ላይ ደዌ በታየ ጊዜ ባለቤቱ ለካህኑ እንዲያስታውቅ፣ ካህኑም ራሱ ሄዶ እንዲመለከት፣ የተበከለው ድንጋይ ወጥቶ በሌላ እንዲተካና ግድግዳው ተፍቆ እንደገና እንዲመረግ ታዝዟል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ማንም እንዳይወድቅ መከታ እንዲያደርግለት ተነግሮታል። ቤቱ በሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል ማለት ነው።

የሀገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2896 ጀምሮ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ ይደነግጋል። አከራይ ተከራዩ በቤቱ እንዲገለገልበት የማድረግ ግዴታ አለበት እንጂ ቁልፍ በማስረከብ ብቻ ኃላፊነቱን አይጨርስም። ከዕለታዊ አጠቃቀም የሚመጡ ጥቃቅን ጥገናዎች በተከራዩ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። በእርጅና የበሰበሰ ማገርና የዛገ ቆርቆሮ ግን የአከራዩ ድርሻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ፣ ተግባራዊ በሚሆንባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። እንግዲህ ጥገና የጠየቀን ተከራይ «ካልተመቸህ ልቀቅ» ብሎ መመለስ የሕጉን መንፈስ የሚቃረን፣ ለክርስቲያን አከራይም የማይገባ መልስ ነው።

ስለ ተባይም እንዲሁ ነው። አይጥ፣ ቱኋን፣ ቁንጫና በረሮ ሲበዙ «ጽዳት ስለማይጠብቁ ነው» ማለት ይቀናናል። ጽዳት የተከራዩ ኃላፊነት መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም የተሰነጠቀው ግድግዳ፣ የተቀደደው ኮርኒስና ሞልቶ የሚፈሰው የመጸዳጃ ጉድጓድ የቤቱ ጉድለቶች ናቸው። በአንድ ጣራ በተያያዙ ቤቶች አንዱ ተከራይ ብቻውን መድኃኒት ቢያስረጭ ተባዩ ወደ ጎረቤት ሄዶ ይመለሳል። ስለዚህ ሥራው በአከራዩ አስተባባሪነት በሁሉም ቤቶች በአንድ ጊዜ መከናወን አለበት። የቱኋን እንቁላል ከመጀመሪያው ርጭት ሊተርፍ ስለሚችልም ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ርጭቱ ይደገማል። አከራይ ዝም ሲል ተስፋ የቆረጠ ሰው ለእህል ነቀዝ የሚሸጠውን እንክብል በመኝታ ክፍሉ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከእንክብሉ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ በመኖሪያ ቤት ከቶ መግባት የለበትም።

«ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ ጥገናውን አይችልም» የሚል መልስ እንሰማለን። ኪራዩ ከጥገናው የማይመጣጠን ከሆነ ሕጉን ተከትሎ ማስተካከል ይቻላል፤ ሰውን በሚያሰጋ ግድግዳ ሥር ማኖር ግን መፍትሔ አይሆንም። ደግሞም ዛሬ በጥቂት ቆርቆሮና ምስማር የሚደፈን ቀዳዳ፣ ሁለት ክረምት ካለፈው ግድግዳውን ይዞ ይወድቃል። ያን ጊዜ የሚጎዳው የደብሩ ንብረትም ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ አራት ነገሮችን እንዲፈጽም አሳስባለሁ። ከኪራይ ገቢው የተወሰነ እጅ ለጥገና ብቻ በጀት ይያዝ። ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ካህንና አንድ የግንባታ ሙያ ያለው ምእመን ቤቶቹን በየዓመቱ ዞረው ይመልከቱ። የተከራዮች አቤቱታ በመዝገብ ይግባ፤ መልስ የሚሰጥበትም ቀን ይወሰን። አቤት ያለ ተከራይ በአቤቱታው ምክንያት እንዳይነሣ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ያጽና።

ከግለሰብ ተከራይተው የሚኖሩ ምእመናንም ለምክር ወደ እናንተ ይመጣሉ። ጉድለቱን ለአከራዩ በጽሑፍ እንዲያስታውቁ፣ ግልባጩንና ፎቶግራፉን እንዲያስቀምጡ ንገሯቸው። ማስጠንቀቂያ የደረሰው አከራይ ግዴታውን ካልፈጸመ፣ ተከራዩ እንዲፈጽም ለማስገደድ፣ ውሉን ለማፍረስ ወይም ካሣ ለማግኘት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ሳይማከሩ ኪራይ ማቋረጥ ግን ራሳቸውን በዕዳ ሊያስከስሳቸው ስለሚችል አስቀድመው የሕግ ባለሙያ ይጠይቁ።

ይህን ምክር ለሌላው አከራይ ለመናገር የምንደፍረው በቅድሚያ በራሳችን ቤቶች ስንፈጽመው ነው። ከመጪው ክረምት በፊት ጣራዎቻችንን እንይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።