ቴምፕሌቱ ለየትኛው ኤዲተር ነው?

እሱ፦ ድረ ገጽ ለመሥራት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የቴምፕሌቱን መልክ ነው። እኔ ግን ከመልኩ በፊት ፋይሉን ክፈቱት እላለሁ።

እሷ፦ ፋይሉ ምን ይነግረዋል?

እሱ፦ ለየትኛው ኤዲተር እንደተሠራ ነዋ! የድሪምዊቨርን ቴምፕሌት እንውሰድ። የሚቀየረውና የማይነካው ክፍል በምልክት ተለይቷል፤ ዋናው ሲታረም ከእሱ የተሠሩት ገጾች ሁሉ አብረው ይታረማሉ። ያንኑ በኖትፓድ ስትከፍቺው ምልክቶቹ ተራ ማስታወሻ ይሆናሉ፤ ገጽ በገጽ በእጅ ማረም ነው።

እሷ፦ ፍሮንትፔጅማ የባሰ ነበር። የጎብኚ ቆጣሪው እንኳ ሰርቨሩ ላይ የራሱ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነ አይሠራም ነበር። ማይክሮሶፍት በ2006 እ.ኤ.አ. ሲያቆመው በእሱ ላይ የተንጠለጠሉት ገጾች ያሳዝኑኛል።

እሱ፦ ለዚህ ነው ንጹሕ ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ያለውን የምመርጠው፤ በየትኛውም ኤዲተር ይከፈታል። ቴምፕሌቱ የመጣበትን ዚፕ ፈትቶ ፎልደሮቹን እንዳሉ መተው ነው። የሲኤስኤሱን ፎልደር ስም ብቻ ብትቀይሪ ገጹ ራቁቱን ይቀራል።

እሷ፦ የእኛን ፊደል እንዳትረሳ! ብዙ ቴምፕሌት የሚመጣው ለላቲን ፊደል በተመረጠ ፎንት ነው። አማርኛ ስታስገባበት ብራውዘሩ ያገኘውን ፎንት ይተካል፣ መስመሮቹም ይጨናነቃሉ። ሲኤስኤሱ ውስጥ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጨምሩ፤ የመስመር ርቀቱንም ወደ 1.7 ከፍ አድርጉት።

እሱ፦ ፋይሉም በዩቲኤፍ-8 ይቀመጥ፤ አለዚያ ፊደሉ ሊበላሽ ይችላል።

እሷ፦ ከዚያ ረዘም ያለ የአማርኛ ርዕስ ጽፋችሁ በስልክ ክፈቱት። ከሜኑው ጋር ከተጋጨ ሌላ ቴምፕሌት ፈልጉ።